“ቀስ በይ” ያለው ማን ነው?

ሬዲዮው ዘፈኑን ሲጀምር ፀጉር ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መርፌ እንደተወጋ ብድግ አለ። ሹፌሩ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ፣ ግማሹ እንደጎፈረ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን ተጭኖ መልሶ አስቀመጠው። ጡረተኛው ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ጣለ። ከመጋረጃው ጀርባ የልብስ ስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

“ዝም በሉ! እሱ ነው! እሱ ነው!”

“እሱ መሆኑንማ ሰማን፤ አንተ ራስህ ዝም በል እንጂ!”

የደረጃው ኮቴ ሲሰማኝ ከታች፣
በሩን ሳልከፍትላት ነፍሴ ቀድማ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። በዚህ ሳምንት ሲሰሙት ሰባተኛ ጊዜያቸው ነው፤ ልቧ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር የሚደልቀው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጇ መስኮቱ ሥር ሆና እየዘለለች ከዘፋኟ እኩል ትዘፍናለች። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ሹፌሩም፣ ጡረተኛውም፣ ከታች በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሴቶችም ሳይቀሩ ተቀበሉ፦

ቀስ በይ ደረጃው ላይ፣ ቀስ በይ አትሩጪ፣
ቤቱ አይሄድም የትም፣ ቀስ ብለሽ ውጪ።

“ይኸው እንግዲህ!” አለ ሹፌሩ ዘፈኑ ሲያልቅ። “ነገ ከነገ ወዲያ እዚህ ቤት ለመቆረጥ በአማላጅ ነው የሚገባው።”

ፀጉር ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ እርከን ይወጣለታል። ባልና ሚስቱ አንዷን ክፍል መሐሏን በመጋረጃ ከፍለው፣ በመንገዱ በኩል እሱ ፀጉር ይቆርጣል፣ በጓሮ በኩል እሷ ልብስ ትሰፋለች። እሱ ሥራ ሲይዝ ያፏጫል። ካላፏጨሁ እጄ አይታዘዝልኝም ይላል፤ ሰፈሩም ስሙን ትቶ ፉጨት እያለ ነው የሚጠራው። እሷ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ፉጨቱ ደስ ያላት ቀን ቃል ትወረውርለታለች። እሱም ይመልሳል። ቃሉ ከመጋረጃው በላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይውልና ሱቁ ሲዘጋ ፉጨት አሮጌ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፈዋል። በትዳራቸው ዘመን እንዲህ አርባ ያህል ዘፈን ሠርተዋል። የሰው ጆሮ የገባው ግን ይኸኛው የመጀመሪያው ነው። ድምፃዊቷ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ፣ ቆማ ስትለካ ከመጋረጃው ማዶ ሰምታው፣ “ይኼን ለኔ ካልሰጣችሁኝ ከዚህ አልንቀሳቀስም!” ብላ ነው የወሰደችው።

አሁን ደግሞ አልበሟ ሊወጣ ነው። ትናንት አንድ ቅጽ ትታ ሄዳለች፤ የግጥሙና የዜማው ደራሲ ስም የሚሞላበት። ዛሬ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መጥታ ትወስደዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ሽፋኑ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ልብስ ሰፊዋ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ያደረችው ለዚህ ነው። ስሟ በሕትመት ሊወጣ! ልጃቸው ከተወለደች ጀምሮ ባሏ “እናቷ” ይላታል፣ እሷም “አባቷ” ትለዋለች። ደንበኛው “እትዬ” ነው የሚላት። የገዛ ስሟ እንደ ክት ልብስ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ያህል ነው፤ ማንም አያወጣውም። ለዚያውም ስሟን ማንበብ የቻለችው ከዓመት ወዲህ ነው። አምና የልጅቷ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ልኮ ነበር። ፉጨት ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል፤ እሷ ደብዳቤውን ይዛ “ልጄን ምን አገኛት? ወደቀች? ታመመች?” እያለች ግማሽ ቀን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ዋለች። ለካ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ኖሯል! በሳምንቱ ጎልማሶች ማታ ማታ በሚማሩበት ክፍል ገብታ፣ እግሯ ከማይገባበት የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ቀስ እያለች ታነባለች። የሱቅ ምልክት፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የልጇን ደብተር። የራሷን ስም ግን ከራሷ እጅ ጽሑፍ ሌላ የትም አንብባው አታውቅም።

“ቆይ ቅጿን ልያት” ብላ ወደ መስታወቱ ሄደች። ወረቀቱ መስታወቱ ሥር፣ የፓውደር ጣሳ ተጭኖት ተቀምጧል። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የግጥም ደራሲ። ከፊቱ የባሏ ስም። የዜማ ደራሲ። ከፊቱ የባሏ ስም። ምናልባት ቦታ ጠቦት ይሆናል ብላ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው።

“አባቷ።”

“ወይ።”

“ይቺን ቅጽ አነበብኳት።”

የፉጨት መቀስ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ። “አነበብሽው? ብቻሽን? ሰማችሁ! ቅጽ አነበበች እኮ! እኔ እንኳ ሁለቴ ደግሜ ነው የገባኝ!”

“ስሜ የለበትም።”

“እ?”

“ሁለቱም ቦታ ላይ ያንተ ስም ነው ያለው።”

ፉጨት መቀሱን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው። “ውይ እናቷ፣ ለዚህ ነው? ያንቺና የኔ ምን ልዩነት አለው? ቤቱ አንድ፣ ኑሮው አንድ። ያው ነው።”

“ያው ከሆነ የኔን ጻፋ።”

ሹፌሩ ሳቁ ፈንቅሎት ወጣ። “ተያዝክ ፉጨት! መውጫ የለህም!”

“አንተ ደግሞ ራስህን አታነቃንቅ፣ ጆሮህን እንዳልቆርጠው!” ፉጨት ላብ ላብ አለው። “እሺ፣ በቃ፣ እጨምራለሁ። በሰው ሁሉ ፊት ማጉረምረም ምን ያስፈልጋል?” ብዕሩን ከኪሱ አወጣና ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ፣ ከስሙ ግርጌ በደቃቃ ፊደል ጻፈ። “ይኸው።”

ቀርባ አነበበች። ፊደሉ ደቃቃ ስለሆነ ጊዜ ወሰደባት፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ጠበቃት። “በ...ባለ...ቤቱ... ትብብር።”

ቀና አለች።

“ባለቤቱ ስም የላትም እንዴ?”

አሁን የሳቀ የለም። ልጅቷ እንኳ አባቷን ቀና ብላ አየችው።

“አንቺ፣ ውረጂና በር ላይ ጠብቂ” አላት ፉጨት። “እንግዳዋ ስትመጣ ንገሪን። መንገድ እንዳትሻገሪ!”

ልጅቷ ወረደች። ኮቴዋ ገና ሳይጠፋ ፉጨት ማፏጨት ጀመረ፤ ወገቡን ይዞ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። እኔ እዚህ አንጀቴ ሲቃጠል እሱ ያፏጫል!

“ጌቶቼ፣ በሥርዓት እንሂድ” አለ ጡረተኛው መነጽሩን እያስተካከለ። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጢሙን ለመላጨት በሳምንት ሦስቴ ይመጣል፣ ጢም ግን ያን ያህል የለውም። “ክርክሩ ግጥሙ የማን ነው የሚል ነው። አመልካች፣ ቃልሽን ስጪ።”

“ግጥሙ የኔ ነው፣ ጋሼ። ዜማው የሱ ነው። ዜማውን መቼ ነካሁበት?”

“ተጠሪስ?”

“ደብተሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ” አለ ፉጨት። “አርባውንም ዘፈን በእጄ ነው የጻፍኩት!”

“ቆይ ቆይ” አለ ሹፌሩ ከነጩ ጨርቅ ሥር እጁን አውጥቶ። “እዚያ ውስጥ ‘አንድ ሁለት እያልኩ እርምጃሽን ቆጥሬ፣ ጣቴን ወጋሁ እንጂ አልሰፋሁም ዛሬ’ የሚል የለም? ፀጉር ቆራጭ መቼ ነው ጣቱን በመርፌ የሚወጋው? በመቀስ ቆረጥኩ ባልክ ነበር!”

“መልካም ጥያቄ ነው” አለ ጡረተኛው።

ፉጨት ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያዝ አይክድም። “እሺ። ስንኞቹ የሷ ናቸው። አልዋሽም። ግን አዝማቹ የኔ ነው። ሰው የሚዘፍነው ደግሞ አዝማቹን ነው። ቅድም ከመንገድ የተቀበሉት ሴቶች የተቀበሉት አዝማቹን ነው፤ ስለ መርፌው የጠየቀ የለም። ቅጹን ስሞላ ግጥሙ የኔ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። ሌብነት አይደለም።”

“ምን አልክ?” ሰፊዋ ወገቧን ያዘች። “‘ቀስ በይ’ ያንተ? ከጠዋት እስከ ማታ ‘ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ’ እያለ ጉሮሮው የሚነቃው የማን ነው? ልጅቷ ደረጃው ላይ ስትሮጥ ልቡ በአፉ ሊወጣ የሚደርሰው የማን ነው? አንተማ ታፏጫለህ!”

“እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚህ ቆሜ።”

“ውሸት!”

“በእናቴ ልማል?”

“መሐላ አንቀበልም፣ ማስረጃ ነው የምንፈልገው” አለ ጡረተኛው። “ማስረጃ ያለው ማን ነው? ያለዚያ በትብብር ይቀራል፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።”

የግድግዳው ሰዓት ለአራት ሃያ ጉዳይ ይላል። ሰፊዋ ወረቀቱን አየችው። ሃያ ደቂቃ! ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያቺ ወረቀት ከዚህ ቤት ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ በሺህ ትባዛለች፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን ሙሉ ልጇ የእናቷን ዘፈን ሽፋን ይዛ “በባለቤቱ ትብብር” የሚል ልታነብ ነው።

“ማስረጃ አለኝ” አለች። “እኔም ጽፌዋለሁ።”

“ዘፈኑን የሠራነው የዛሬ አራት ዓመት ነው” አለ ፉጨት። “ያኔ መቼ ፊደል ቆጠርሽ?”

“በክር ነው የጻፍኩት።”

መጋረጃውን በርግዳ ገባችና ቁልፍና ክር የሚቀመጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ከታች ቆንጥራ ያወጣችው የጨርቅ ቁራጭ ነው፤ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው፣ ጠርዙ በስፌት የተሞላ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃያ! ወለሉ ላይ እንደ ሪባን ተዘረጋ።

“አንተ ማታ ማታ ደብተርህን ስትጽፍ ቃሉን ትለውጠው ነበር። ‘እንዲህ አይደለም’ ስልህ፣ ‘በምን ታውቂያለሽ?’ ትለኛለህ። እኔ ምን ይዤ ልከራከር? ስለዚህ የዚያን ቀን የምሰፋው ጨርቅ ላይ፣ እዚያው ቃሉ ሳይቀዘቅዝ ሰፋሁት። ረጅሙ ስፌት ረጅም ስንኝ ነው፣ አጭሩ አጭር። ቁልፍ የተተከለበት አዝማች የሚመለስበት ነው። ይኼ ሰማያዊው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ከሰፋሁላት ዩኒፎርም የተረፈው ነው፤ የዝናቡ ዘፈን። ይኼ አበባማው የጎረቤታችን ትራስ ልብስ፤ ስለ ጠፋው ቁልፍ የሠራነው።”

ፉጨት ተንበርክኮ አንዱን አነሳ። “አሥራ አምስት ዓመት አብረን ኖረን ይኼን አላውቅም?”

“አልጠየቅከኝማ።”

ቁራጮቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። የደረጃው ዘፈን ግን የለም። ቆርቆሮውን አራገፈችው፤ ቁልፍ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። መሳቢያውን ከፈተች፣ የቁራጭ ከረጢቱን ገለበጠች፣ ከመኪናው ሥር ገባች። ሹፌሩም ከወንበሩ ላይ ሆኖ “ከፍራሹ ሥርስ? ከሳጥኑ ጀርባስ?” እያለ ያጣድፋታል። ለአራት ሩብ ጉዳይ። ለአራት አሥር ጉዳይ። ጠፋ! ከአርባው ሁሉ የሚጠፋው ይኸው አንዱ ይሁን!

ቁጭ አለችና ግንባሯን ያዘች። ያን ቀን ምን ነበር የምሰፋው? ቀኑን መቼም አትረሳውም። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ልምጣ ብላ ለምና የተፈቀደላት ቀን። ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ ደቂቃ አለፈ። እሷ መኪናው ላይ ተደፍታ ትጸልያለች፣ ባሏ ከመጋረጃው ማዶ ያፏጫል። እንዴት እንደጠላችው! እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፣ በእጇ ግን የያዘችው ነጭ...

ነጭ!

ቀስ ብላ ቀና አለች። ዓይኗ ሹፌሩ ላይ ተተከለ።

“አትነቃነቅ!”

“እ? ምን አደረግኩ?”

“አትነቃነቅ ብዬሃለሁ! የለበስከው ነው!”

የፀጉር ቤቱ ነጭ ጨርቅ ነበር። ባሏ አራት ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ሰው ሁሉ አንገት ላይ ሲያስር፣ ሲያራግፍ፣ ሲያጥብ የኖረው ጨርቅ። የዘፈኑን ማስረጃ በእጁ ይዞ ሲዞር!

ሰፊዋ ሹፌሩ እግር ሥር ተንበረከከች። “ከግራ ጉልበትህ ነው የሚጀምረው። እግርህን ግጠም።” የተቆረጠውን ፀጉር አራግፋ ጠርዙን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ፉጨትም ተንበረከከ፣ ጡረተኛው መነጽሩን ሁለቴ ጠርጎ አጎነበሰ።

“ለኔ የሚታየኝ ስፌት ብቻ ነው” አለ።

“ለኔም ፊደል እንዲህ ነበር የሚታየኝ፣ ጋሼ።”

ጣቷን ጠርዙ ላይ አስኬደች። ረጅም፣ ረጅም። “የደረጃው ኮቴ።” ቀይ ክር ነው። “በሩን ሳልከፍትላት።” ቀይ። “አንድ ሁለት እያልኩ።” ቀይ። “ጣቴን ወጋሁ።” ቀይ፤ እዚህ ላይ እንዲያውም ደብዛዛ ቡናማ ነጥብ አለ፣ በእውነት የተወጋችበት። ሳቋ አመለጣት። ጨርቁን ስትጎትተው ሹፌሩ አብሮ ዞረ። ከቀኝ ጉልበቱ አጠገብ ትንሽዬዋ ነጭ ቁልፍ ተተክላለች። አዝማቹ ከዚያ ይጀምራል።

ሰማያዊ ነው።

ጣቷ ቆመ። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፣ ቤቱ አይሄድም የትም። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ክር።

ስለ ቀለሙ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከመጋረጃው ወዲህ የተወለደውን ቃል በቀይ፣ ከማዶ የመጣውን በሰማያዊ ነበር የምትሰፋው። ሌላ ሰው ቢያየው፣ ክር አልቆባት ቀለም ለወጠች ይላል እንጂ ምን ያውቃል? በዚህች ክፍል ውስጥ ይህን ጠርዝ የሚያነብ ሰው እሷ ብቻ ናት። “የኔ ነው” ብትል አለቀ። ባሏ አንገቱን ይደፋል፣ ጡረተኛው ይፈርድላታል፣ ቅጹ ላይ ስሟ ብቻውን ይጻፋል።

“እ?” አለ ሹፌሩ። “ምን ይላል? ኧረ አንገቴ ተቆለመመ!”

አፏን ከፈተች። የኔ ነው እኮ! አስታውሰዋለሁ እኮ! ኮቴዋን ስሰማ፣ ዘልዬ ተነስቼ...

በዚያች ቅጽበት ከታች ኮቴ ተሰማ። ሁለት ሁለት እርከን እየዘለለ የሚሮጥ ኮቴ።

“መጣች! መጣች! ከመኪና እየወረደች ነው!”

ሰፊዋ እንደ ልማዷ ትንፋሿን ሳበች። ግን ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ሌላ ሰው ቀደማት። ፉጨት በአንድ ዝላይ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

“ቀስ በይ! አትሩጪ፣ ትወድቂያለሽ! ቤቱ የትም አይሄድም እኮ!”

ሰፊዋ ከተንበረከከችበት ሆና ባሏን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። ልጅቷ የመጨረሻዋን እርከን ወጥታ ስትገባ ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሽ ወጣለት። ያን ጊዜ ነው ሌላ ነገር የገባት። ቅድም ልጅቷ ስትወርድ ማፏጨት ጀመረ። አሁን ደግሞ ኮቴዋን ሰምቶ ዘለለ። ያን ቀንም፣ ያን የሰባት ዓመቷን ቀን፣ ኮቴው እንደተሰማ ፉጨቱ ቀጥ ብሎ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ልጅቷ ቤት ስትውል እኮ አያፏጭም! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግድ የለሽ መሰለኝ፣ ለካ ይኼ ሰው የሚያፏጨው ሲጨንቀው ኖሯል? እኔ እዚህ ስጨነቅ እሱ እዚያ፣ አንዲት መጋረጃ በመሐል?

ያን ቀን እሷ ዘልላ አልተነሳችም። አሁን ጥርት ብሎ መጣላት። መኪናው ላይ እንደተደፋች ነበር የቀረችው፤ “ቀስ በይ” የሚለውን ሰምታ አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሰማያዊ ክር አጠለቀች።

“ይላል...” አለች። “አዝማቹ የሱ ነው ይላል።”

“ምን?” አለ ሹፌሩ።

“ቀዩ ክር የኔ ነው፣ ሰማያዊው የሱ። ስንኞቹ ቀይ ናቸው። አዝማቹ ሰማያዊ ነው። ‘ቀስ በይ’ ያለው እሱ ነው። ዋሾዋ እኔ ነበርኩ። ብቻ ሆን ብዬ አይደለም፣ አባቷ፤ የኔ ይመስለኝ ነበር።”

ጡረተኛው መነጽሩን አወለቀ። “ሠላሳ ዓመት ችሎት ሳገለግል” አለ፣ “በገዛ ማስረጃው ራሱን የረታ አመልካች አላየሁም።”

ፉጨት ወደ መስታወቱ ሄደ፣ ቅጹን አነሳ፣ ለሁለት ቀደደው፣ ለአራት ቀደደው።

“ኧረ አባዬ!” ልጅቷ ጮኸች። “እንግዳዋ ደረጃው ላይ ናት!”

ድምፃዊቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እያለከለከች ገባች። ያየችውን ማመን አቃታት። ወለሉ በጨርቅ ቁራጭና በቁልፍ ተሞልቷል፣ ሰፊዋ ሹፌር እግር ሥር ተንበርክካለች፣ ፀጉር አስተካካዩ የተቀደደ ወረቀት ጨብጧል።

“ጋሼ! ያ የኔ ቅጽ ነው?”

“ስህተት ነበረበት።”

“ሰው ስሙን ሲጽፍም ይሳሳታል? ደግነቱ እኔ ሁልጊዜ ሁለት ነው የምይዘው።” ከቦርሳዋ አዲስ ወረቀት መዝዛ አወጣች። “ቶሎ በሉ፣ የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ስልኬን አቃጥሎታል!”

ፉጨት ወረቀቱን ተቀበለና ብዕሩን ለሚስቱ ዘረጋላት። “አንቺ ሙዪው።”

“እኔ? አባቷ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባበላሽስ? ሌላ የላትም እኮ!”

“ቀስ በይ” አላት።

ጡረተኛው ጋዜጣውን አጥፎ ከወረቀቱ ሥር አነጠፈላት። ልጅቷ ክንዷ ላይ ተለጠፈች፤ ሹፌሩ ነጩን ጨርቅ እንደለበሰ ተነስቶ ከኋላ አንገቱን አሰገገ። የግጥም ደራሲ። ሰፊዋ ምላሷን በጥርሷ ይዛ የመጀመሪያዋን ፊደል አስቀመጠች። ትንሽ ዘመመች። ሁለተኛዋ ቆመች። ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የብዕሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ስሟን ጨረሰች። ከዚያ “እና” ብላ የባሏን ስም አጠገቡ ጻፈች፤ በእኩል ፊደል፣ ሳታሳንስ።

“ዜማው ላይም ስምሽን ጨምሪ” አላት ፉጨት ዓይኑን እየጠረገ። “ያንቺ ፔዳል ባይመታልኝ የቱን ዜማ አወጣ ነበር?”

አሰበችበት። እውነት ለመናገር አማራት። “አይሆንም” አለች። “ፉጨቱ ያንተ ነው። ያልሰፋሁትን አልለብስም።” እዚያ የሱን ብቻ ጻፈች።

ድምፃዊቷ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ ሁለቱንም ስም ጮክ ብላ አነበበች። ስሟ በሰው አፍ ሲጠራ ሰፊዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለ ሰው ፈለገች፤ ከዚያ እሷ መሆኗ ገባትና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ልጅቷ አጨበጨበች። ሹፌሩም ከነጩ ጨርቅ ሥር አጨበጨበ፤ ጨርቁ አፈነው እንጂ ከሁሉም በላይ የጮኸው እሱ ነው።

“ይቺን ጨርቅ ደግሞ ማንም እንዳያጥባት” አለ ጡረተኛው። “ማስረጃ ናት።”

“እኔስ?” አለ ሹፌሩ መስታወት ውስጥ ራሱን እያየ። “ዘፈኑ አለቀ፣ ፍርዱ አለቀ። በግማሽ ራስ ነው ወደ ሥራ የምሄደው?”

ድምፃዊቷ እየሳቀች ደረጃውን ወረደች፤ ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ “ቀስ በይ!” አላት። ፉጨት ሹፌሩን አስቀምጦ መቀሱን አነሳ። ሰፊዋም ቁልፎቿን ለቅማ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ገና ክር ሳታጠልቅ ከማዶ ፉጨት ሰማች። ደንግጣ መጋረጃውን ገለጠች፤ ልጅቷ የት ሄደች? ልጅቷ ግን እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የጨርቅ ቁራጮቹን በየቀለማቸው ትደረድራለች። ፉጨቱ አዲስ ነበር፤ ዘለል ዘለል የሚል፣ ልጅ ቤት ከገባች በኋላ የሚፏጭ። እንዲህ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም። ቃል በአፏ ሞላ። ልትወረውር አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

“አባቷ፣ ቆይ! እዚያው ላይ ያዘው፣ እንዳትለቀው” አለች እየተሯሯጠች። “እርሳሴን ላምጣ!”